በስታክ በተያያዙ ስዊቾች ላይ የማክ አድራሻ ፍላፕ ሲያጋጥም ምንጩን የማግኘትና የማስተካከል መመሪያ

ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ባሉ የቢሮ ሕንፃዎች ኔትወርክ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት ወይም ሦስት ስዊቾችን በስታክ ኬብል አያይዘው እንደ አንድ ስዊች ሲጠቀሙ ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ማክ አድራሻ (የአንድ መሣሪያ የኔትወርክ ካርድ መለያ) በሁለት ፖርቶች መካከል ፍላፕ እያደረገ (ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ) መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በሎጉ ላይ በተከታታይ ይወጣል። ሠራተኛው ኢንተርኔት ይቆራረጣል ይላል፣ ባለሙያው ደግሞ ስታኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ስታኩ ራሱ ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው መልእክቱ ከጠቀሳቸው ሁለት ፖርቶች ከአንዱ ጀርባ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ወደዚያ ፖርት የሚያደርሰውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስዊቹ ላይ የሚተየቡት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዋናነት የሲስኮን ትእዛዞች የምጠቅስ ሲሆን የሁዋዌው አቻ አስፈላጊ በሚሆንበት ቦታ አክዬዋለሁ።

መልእክቱ የሚናገረው

ስዊች ከየፖርቱ የሚገባውን ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) ሲቀበል የላኪውን ማክ አድራሻ፣ የቪላኑን (በስዊቹ ውስጥ ተለይቶ የተከፈለውን ኔትወርክ) ቁጥርና ፍሬሙ የገባበትን ፖርት በማክ ሰንጠረዡ ላይ ይመዘግባል፤ የሕንፃ ጥበቃ ማን በየትኛው በር እንደገባ በመዝገብ እንደሚይዝ ማለት ነው። በአንድ ቪላን ውስጥ አንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ ሊመዘገብ የሚችለው በአንድ ፖርት ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ያው አድራሻ ከሌላ ፖርት ሲገባ ስዊቹ የቀድሞውን ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል። ይህ አንድ ጊዜ ቢከሰት ላፕቶፑን ይዞ ጠረጴዛ የቀየረ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ግን ስዊቹ ፍላፕ ብሎ ያስጠነቅቃል።

በስታክ ውስጥ ይህ ሰንጠረዥ የሁሉም አባላት የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ በመልእክቱ ላይ አንዱ ፖርት 1/0/12፣ ሌላው 2/0/48 መሆኑ ብቻውን የስታክ ኬብሉን ተጠያቂ አያደርገውም። የመጀመሪያው ቁጥር የስታክ አባሉን፣ የመሃሉ ሞጁሉን፣ የመጨረሻው ፖርቱን ያመለክታል።

ተጠቃሚው የሚጎዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ የሆነው ራውተር ወይም ፋየርዎል) ማክ አድራሻ በስህተት በአንድ የጠረጴዛ ፖርት ላይ ሲመዘገብ፣ ወደ ኢንተርኔት መውጣት የነበረበት የቢሮው ትራፊክ ሁሉ ወደዚያ ፖርት ይላካል፣ እዚያም ይቀራል። ቀጣዩ ፍሬም ከትክክለኛው ጌትዌይ ሲመጣ መንገዱ ይመለሳል፤ ከዚያም እንደገና ይበላሻል። «ይመጣል ይሄዳል» የሚለው የተጠቃሚው አቤቱታ ይህንኑ በትክክል የሚገልጽ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የኮንሶል ኬብል፣ እንዲሁም ፑቲ ወይም ቴራ ተርም የተጫነበት ላፕቶፕ። ሉፕ (ትራፊኩ ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስበት ቀለበት) በሚኖርበት ጊዜ በኔትወርክ በኩል ወደ ስዊቹ መግባት ሊያቅት ስለሚችል ኮንሶሉ ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል። መደበኛው ፍጥነት 9600 ነው።
• የስዊቹ፣ የራውተሩና የፋየርዎሉ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል። የአድራሻውን ባለቤት ለማወቅ ሦስቱንም ማየት ያስፈልጋል።
• የፓች ፓነሉና የግድግዳ ሶኬቶቹ ዝርዝር። ዝርዝሩ ከሌለ ወይም ቢሮው በፓርቲሽን ተከፋፍሎ ቁጥሮቹ ከተለወጡ ቶነር (የገመዱን ሌላ ጫፍ በድምፅ የሚያገኝ መሣሪያ) ይያዙ።
• ትርፍ ፓች ኮርዶች፣ የሚለጠፍ መለያ ወረቀትና የማይለቅ እስክሪብቶ።
• ከስዊቹ ሞዴል ጋር የሚስማማ ትርፍ የስታክ ኬብል፣ ከተገኘ።
• በየፎቁ ተዘዋውሮ በስልክ የሚያነጋግርዎት አንድ ሰው።

ከመጀመርዎ በፊት መጠንቀቅ ያለብዎት

ስታኩን አጥፍቶ ማስነሳት የመጀመሪያ እርምጃዎ አይሁን። በስዊቹ ማህደረ ትውስታ ላይ ያለው ሎግ አብሮ ይጠፋል፣ ሉፑ ግን በቦታው ስለሚቆይ ስዊቹ ሲነሳ ችግሩ ይመለሳል፤ ምንጩን የሚነግርዎት ማስረጃ ብቻ ነው የሚያመልጥዎት።

ስታኩ እየሠራ ሳለ የስታክ ኬብል አይንቀሉ። ሁለቱ ግንኙነቶች ከተቋረጡ ስታኩ ለሁለት ይከፈልና ሁለቱም ክፍሎች ያንኑ የአይፒ አድራሻና ያንኑ ኮንፊገሬሽን ይዘው መሥራት ይጀምራሉ። መልሰው ሲሰኩት ደግሞ በምርጫው የተሸነፈው ክፍል አባላት ራሳቸውን አጥፍተው ስለሚነሱ፣ በእነርሱ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች በሙሉ ይቋረጣሉ።

ከርቀት ገብተው እየሠሩ ከሆነ የገቡበትን አፕሊንክ (ስታኩን ከዋናው ስዊች ጋር የሚያገናኘውን ፖርት) አይዝጉ። እንዲሁም «ችግር የሚፈጥረው ስፓኒንግ ትሪ ነው» የሚል ምክር ቢሰጥዎትም ስፓኒንግ ትሪን አያጥፉ፤ ሉፕን የሚያስቆመው ዋናው መከላከያ እርሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ሎጉን ያስቀምጡ፣ ሰዓቱንም ያስተካክሉ

«ሾው ሎጊንግ» ብለው የወጣውን በሙሉ ወደ ፋይል ይገልብጡ። ስዊቹ ለሎግ የሚመድበው ቦታ ትንሽ ስለሆነ፣ መልእክቱ በየሰከንዱ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአዲሶቹ ይተካሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምዎት ደግሞ ችግሩ ሲጀምር የተጻፈው መስመር ነው። ከመጀመሪያው የፍላፕ መልእክት ጥቂት ቀደም ብሎ «ፖርት ተነሳ» የሚል መስመር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ፍለጋው እዚያው ያበቃል።

ከዚያ «ሾው ክሎክ» ብለው የስዊቹን ሰዓት ይመልከቱ። የሰዓት ክልል ያልተሞላበት ስዊች ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጽፋል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ «ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተቋረጠ» ብትልዎት፣ ሰዓቱ በተስተካከለ ስዊች ሎግ ላይ 10:30፣ ባልተስተካከለው ላይ ደግሞ 07:30 የሚለውን ይፈልጉ። ይህን ሳያገናዝቡ ሎጉን ማንበብ፣ ሠራተኛዋ የተናገረችውንና ስዊቹ የመዘገበውን የተለያዩ ክስተቶች አስመስሎ ያሳይዎታል። ሰዓቱን «ክሎክ ታይምዞን ኢኤቲ 3» በሚለው ትእዛዝ ያስተካክሉ፣ ሰዓቱን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን ኤንቲፒም ያስገቡ።

ደረጃ 2፦ የፍላፑን ዓይነት ይለዩ

የዚህ ሥራ ዋና ፍሬ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ያስቀመጡትን ሎግ ይዘው ሦስት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት የተለያዩ ማክ አድራሻዎች አሉ? ስንት የተለያዩ ፖርቶች ተጠቅሰዋል? በሁሉም መስመሮች ላይ የሚደጋገም አንድ ፖርት አለ?

ብዙ አድራሻዎች ካሉና አንድ ፖርት በሁሉም መስመር ላይ ከታየ፣ ከዚያ ፖርት ጀርባ ሉፕ አለ ማለት ነው። ምክንያቱን ልብ ይበሉ። ከጌትዌዩ፣ ከፕሪንተሩና ከየኮምፒውተሩ የሚወጣው ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) በየፖርቱ ይሠራጫል፤ ሉፕ ያለበት ፖርት ላይ የደረሰው ግን ዞሮ በዚያው ፖርት ተመልሶ ይገባል፣ የላኪውን አድራሻ እንደያዘ። ስለዚህ እያንዳንዱ አድራሻ በራሱ ትክክለኛ ፖርትና በሉፑ ፖርት መካከል ይመላለሳል። ትክክለኛዎቹ ፖርቶች ይለያያሉ፣ የሉፑ ፖርት ግን አይለወጥም። ለምሳሌ በመልእክቶቹ ላይ 1/0/48 ከ2/0/17፣ 1/0/5 ከ2/0/17፣ 3/0/22 ከ2/0/17 እየተባለ ከተጻፈ፣ በ2ኛው ስዊች 17ኛ ፖርት ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ይሂዱ።

ብዙ አድራሻዎች ሁልጊዜ በሁለት ፖርቶች መካከል ብቻ የሚመላለሱ ከሆነ፣ ሁለቱ ፖርቶች ከስታኩ ውጭ በሆነ ቦታ ተገናኝተዋል። ወይ ሁለት ኬብል ወደ አንድ ትንሽ ስዊች ሄዷል፣ ወይ የአንድ ቻናል (እንደ አንድ መስመር እንዲሠሩ የተጣመሩ ፖርቶች) አባል መሆን የነበረባቸው ሁለት አፕሊንኮች ለየብቻ እየሠሩ ነው።

አንድ ወይም ጥቂት አድራሻዎች በሁለት ቋሚ ፖርቶች መካከል ቀን ከሌሊት የሚመላለሱ ከሆነ፣ ሁለት የኔትወርክ ካርዱ በአንድ አድራሻ የሚልክ ሰርቨር፣ ሁለቱም ራሳቸውን ንቁ ያደረጉ ጥንድ ፋየርዎሎች፣ ወይም ከነአድራሻው የተባዛ ቨርቹዋል ማሽን መሆኑን ይጠርጥሩ።

አድራሻዎቹ የተለያዩ፣ ፖርቶቹ ደግሞ የዋይፋይ አክሰስ ፖይንቶች ብቻ ከሆኑ፣ ስልኩን ይዞ በኮሪደሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ይህ አልፎ አልፎ ከታየ ጤናማ ነው። ስልኮች ለግላዊነት ሲሉ የሚፈጥሩት አድራሻ በሁለተኛው አኃዝ ይታወቃል፤ 2፣ 6፣ «ኤ» ወይም «ኢ» ነው። አንድ ስልክ በአንድ ቦታ ቆሞ በሁለት አክሰስ ፖይንቶች መካከል ያለማቋረጥ የሚመላለስ ከሆነ ግን የአክሰስ ፖይንቶቹን የሲግናል ጉልበት መቀነስ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ የአድራሻውን ባለቤት ይወቁ

በራውተሩ ወይም በፋየርዎሉ የአርፕ ሰንጠረዥ ላይ ማክ አድራሻውን ይፈልጉና አይፒውን ያግኙ፤ ከዚያ በዲኤችሲፒ (አይፒ በሚያድለው አገልግሎት) ዝርዝር ላይ የመሣሪያውን ስም ይመልከቱ። የአድራሻው የመጀመሪያ 6 አኃዞች አምራቹን ስለሚያሳዩ፣ ፕሪንተር ይሁን የአይፒ ስልክ ወይም ካሜራ ከዚያ መገመት ይቻላል።

በ0000.5ኢ00.01 የሚጀምር አድራሻ የቪአርአርፒ፣ በ0000.0ሲ07.ኤሲ የሚጀምር ደግሞ የኤችኤስአርፒ ነው። ሁለቱም ጥንድ ራውተሮች እንደ አንድ ጌትዌይ ሲሠሩ የሚጠቀሙባቸው የጋራ አድራሻዎች ናቸው። እነርሱ ፍላፕ ካደረጉ ወይ ሉፕ አለ፣ ወይ ሁለቱ ራውተሮች እርስ በርስ መሰማማት አቅቷቸው ሁለቱም ንቁ ሆነዋል።

ደረጃ 4፦ ከሁለቱ ፖርቶች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ይወስኑ

«ሾው ኢንተርፌስ ስታተስ» እና «ሾው ኤልኤልዲፒ ኔበርስ» ብለው ከእያንዳንዱ ፖርት ጀርባ ምን እንዳለ ይመልከቱ። አንዱ ወደ ዋናው ስዊች የሚወስድ አፕሊንክ፣ ሌላው የጠረጴዛ ፖርት ከሆነ፣ የሚጠረጠረው የጠረጴዛው ፖርት ነው። ሁለቱም አፕሊንክ ከሆኑ ችግሩ ከእርስዎ ስታክ ባሻገር ሊሆን ይችላል፤ ይህንኑ መመሪያ በዚያኛው ስዊች ላይ ይድገሙት፣ ምንጩ የጠረጴዛ ፖርት እስኪሆን ድረስ ወደ ታች ይውረዱ።

ደረጃ 5፦ የስታኩን ጤና ያረጋግጡ

«ሾው ስዊች» ብለው ሁሉም አባላት «ሬዲ» መባላቸውን ይመልከቱ። «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ» ደግሞ የእያንዳንዱን የስታክ ግንኙነት ያሳያል። ቀለበቱ ሙሉ መሆን አለበት፤ አንዱ ኬብል ብቻ ከተቋረጠ ስታኩ በግማሽ አቅም መሥራቱን ስለሚቀጥል ማንም ሳያውቀው ሊቆይ ይችላል። በሁዋዌ «ዲስፕሌይ ስታክ» ተመሳሳዩን ያሳያል። በሎጉ ላይ የስታክ ፖርት ሲወድቅና ሲነሳ ከታየ፣ የኬብሉ ማያያዣ ብሎኖች መጥበቃቸውን ይፈትሹ። ይህን ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድርጉት።

ኤሌክትሪኩን ሳያዩ ግን ከራኩ አይለዩ። በብዙ ቢሮዎች 1ኛው ስዊች በዩፒኤስ ላይ፣ 2ኛው በግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ የዩፒኤሱን ቀሪ ሶኬቶች የካሜራ መቅጃውና ራውተሩ ስለያዟቸው ነው። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ጊዜ 2ኛው ስዊች ይጠፋል። የስታኩ መሪ እርሱ ከነበረ ሌላው መሪነቱን ይረከባል። እንደ 3750 ባሉ የቀደሙ የሲስኮ ሞዴሎች፣ በመደበኛው አቀማመጥ መሪው ሲቀየር የስታኩ ማክ አድራሻ አብሮ ይቀየራል። ይህ አድራሻ የስፓኒንግ ትሪና የኤልኤሲፒ (ቻናሎችን የሚደራደረው ፕሮቶኮል) መለያ ስለሆነ፣ ቻናሎች ፈርሰው እንደገና ይደራደራሉ፤ በዚያ ክፍተት ፍላፕ ይታያል። ምልክቱ የፍላፑ ሰዓት ሁልጊዜ መብራት ከጠፋበት ወይም ከመጣበት ሰዓት ጋር መግጠሙ ነው። መፍትሔውም ሦስት ነው፦ ሁሉንም የስታክ አባላት በዩፒኤስ ላይ ማድረግ፣ መሪ እንዲሆን ለሚፈልጉት ስዊች ከፍተኛውን ቅድሚያ መስጠት፣ «ስታክ-ማክ ፐርሲስተንት ታይመር 0» በሚለው ትእዛዝም አድራሻው እንዳይለወጥ ማድረግ። ቅድሚያው ከ1 እስከ 15 የሚሰጥ ሲሆን መነሻው 1 ስለሆነ፣ ማንም ካልነካው ሁሉም እኩል ናቸው።

ስታኩ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ የፍላፕ መልእክቱን የሚያዩት በዋናው ስዊች ላይ ነው፤ የስታኩ የራሱ አድራሻ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣበታልና። በዚህ ጊዜ አነስተኛ ተጠቃሚ ያለበትን ክፍል ያጥፉ፣ የስታክ ኬብሎቹን በሚገባ ይስኩ፣ ከዚያ ያጠፉትን ያብሩ።

ደረጃ 6፦ ስፓኒንግ ትሪን ይጠይቁ

«ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ዲቴል» ለእያንዳንዱ ቪላን የቶፖሎጂ ለውጥ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ፣ የመጨረሻው ከምን ያህል ጊዜ በፊት እንደነበረና ከየትኛው ፖርት እንደመጣ ይነግርዎታል። ቁጥሩ እያዩት የሚጨምር ከሆነ የተጻፈውን ፖርት ይከተሉ። በሁዋዌ «ዲስፕሌይ ኤስቲፒ ብሪፍ» እና «ዲስፕሌይ ማክ-አድሬስ ፍላፒንግ ሪከርድ» ይጠቅማሉ።

የሩት ስዊቹ (የስፓኒንግ ትሪ መነሻ የሆነው) እርስዎ የመረጡት መሆኑንም ያረጋግጡ። ማንም ሳይወስን የቀረ እንደሆነ አነስተኛ ማክ አድራሻ ያለው፣ ብዙ ጊዜም አሮጌው ስዊች ሩት ይሆናል፤ እርሱ በጠፋና በተነሳ ቁጥር ኔትወርኩ በሙሉ ይናወጣል።

ደረጃ 7፦ ቻናሎችንና ሰርቨሮችን ይመርምሩ

«ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ» ብለው ከእያንዳንዱ ፖርት አጠገብ ያለውን ፊደል ያንብቡ። ካፒታል «ፒ» ፖርቱ በቻናሉ ውስጥ መሆኑን፣ ካፒታል «አይ» ለብቻው መሥራቱን፣ ትንሹ «ኤስ» መታገዱን ያሳያል። በ1ኛውና በ2ኛው አባል ላይ የተዘረጋ ቻናል «አይ» ካሳየ ከሌላው ጫፍ ጋር አልተስማማም።

በሰርቨሩ በኩል ደግሞ የካርዶቹ አሠራር ከስዊቹ ጋር መግጠም አለበት። ካርዶችን በሚያጣምረው የሊኑክስ ቦንዲንግ ምንም ካልተመረጠ የሚሠራው ሞድ 0 ነው፤ ፍሬሞችን በየተራ በሁለቱም ካርዶች በአንድ አድራሻ ይልካል። ስዊቹ ላይ ቻናል ካልተሠራለት ፍላፕ መፍጠሩ አይቀርም። ሞድ 4 ኤልኤሲፒ ስለሆነ በስዊቹ ላይ ቻናሉን «አክቲቭ» ማድረግ ይበቃል፤ ሞድ 1 በአንድ ጊዜ አንድ ካርድ ብቻ ስለሚጠቀም በስዊቹ ላይ ቻናል አያስፈልገውም። በቪኤምዌር መደበኛው ምርጫ ቻናል የማይፈልግ ነው፤ አይፒ ሃሽ የተመረጠ ከሆነ ግን በስዊቹ ላይ ቻናል የግድ ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ መቀየር ችግሩን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ያሸጋግረዋል እንጂ አያስወግደውም።

ደረጃ 8፦ የተጠረጠረውን ፖርት ዘግተው ያረጋግጡ

አንድ ፖርት ብቻ፣ የጠረጴዛውን ወገን፣ ይዝጉና ሎጉን ይመልከቱ። ሉፕ ከነበረ መልእክቱ ወዲያውኑ ይቆማል፣ የስዊቹ መብራቶችም ሁሉም በአንድ ጊዜ መብለጭለጫቸውን ያቆማሉ። ሰርቨር ወይም የተባዛ አድራሻ ከሆነ ግን ከ5 ደቂቃ በላይ ይጠብቁ፤ የማክ ሰንጠረዡ መደበኛ የዕድሜ ገደብ 300 ሰከንድ ስለሆነ የቀድሞ መዝገብ እስከዚያ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ፖርቶችን በአንድ ጊዜ መዝጋት መልእክቱን ቢያስቆምም የትኛው ፖርት ምንጭ እንደነበረ አይነግርዎትም።

ደረጃ 9፦ ወደ ጠረጴዛው ይሂዱ

ፖርቱን ካወቁ በኋላ ሥራው በዓይንና በእጅ ነው። የአይፒ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ከግድግዳው፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ። ጠረጴዛ ሲነሳ ወይም ቢሮ ሲጸዳ የኮምፒውተሩ ገመድ ይነቀልና፣ «ገመድ ከግድግዳ ይሰካል» ብሎ የሚያስብ ሰው በቅን ልብ ሁለቱንም ገመዶች በግድግዳው ሁለት ሶኬቶች ላይ ይሰካቸዋል። ስልኩ በውስጡ ትንሽ ስዊች ስላለው ሁለቱ የስታክ ፖርቶች በእርሱ በኩል ይገናኛሉ። ስልኩ እየሠራ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም።

ቀጥሎ ከጠረጴዛ ሥር ያሉ ትናንሽ ስዊቾችን ይፈልጉ። ሶኬት ሲያንስ ከመርካቶ የተገዛ ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት ስዊች በየክፍሉ ይገኛል። የአንድ ፓች ኮርድ ሁለት ጫፎች በዚያው ስዊች ላይ ተሰክተው ከሆነ ሉፑ እርሱ ነው። ክፍት የቀረ ገመድ ያየ ሰው ክፍት ሶኬት ላይ መሰካቱ የተለመደ ነውና፣ መሬት ላይ የተጋደመ ገመድ ሁሉ ሁለቱም ጫፉ እስኪታይ ድረስ ይከተሉት። በመጨረሻም በገመድም በሜሽም (በአየር) የተያያዘ አክሰስ ፖይንት ካለ አንደኛውን ግንኙነት ያስወግዱ።

ደረጃ 10፦ እንዳይመለስ ያድርጉ

በሁሉም የጠረጴዛ ፖርቶች ላይ «ፖርትፋስት» (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲሠራ የሚያደርገውን) እና «ቢፒዲዩ ጋርድ» ያስገቡ። ስዊቹ የላከው የስፓኒንግ ትሪ መልእክት በጠረጴዛ ፖርት በኩል ተመልሶ ከመጣ ፖርቱ ወዲያውኑ ይዘጋል፤ ሉፑ ከአንድ ጠረጴዛ አያልፍም። ይሁን እንጂ ርካሽ ከሆኑት ትናንሽ ስዊቾች አንዳንዶቹ ይህን መልእክት ሳያሳልፉ ያስቀሩታል፤ ያን ጊዜ ጋርዱ የሚያየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በብሮድካስት ላይ «ስቶርም-ኮንትሮል» (ብሮድካስቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚገታውን) መጨመር ያስፈልጋል። በሁዋዌ «ሉፕባክ-ዲቴክት» የሚባለውን መክፈት ተጨማሪ ዋስትና ነው።

በራሱ እንዲከፈት ከፈለጉ «ኤረርዲሴብል ሪከቨሪ» ያስገቡ፤ መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ 300 ሰከንድ ነው። እኔ ግን ለቢፒዲዩ ጋርድ ራስ-ሰር መክፈቻ እንዳይጠቀሙ እመክራለሁ፤ ገመዱ ካልተነቀለ ፖርቱ በየ5 ደቂቃው እየተከፈተ ቢሮውን ይረብሻል።

ፍላፕ ሲኖር ፖርቱን በራሱ የሚዘጋ አማራጭ ያላቸው ሞዴሎች አሉ። ይህን በአፕሊንክ ላይ በፍጹም አይክፈቱ፤ በአንድ ጠረጴዛ ሉፕ ምክንያት ፎቁ በሙሉ ሊቋረጥ ይችላል። ለእያንዳንዱ ፖርት መግለጫ ይጻፉ፣ የግድግዳ ሶኬቶቹንም በዚያው ቁጥር ይለጥፉ፤ ሎጉም ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲላክ ሲስሎግ ያዘጋጁ። የሠሩትን በስዊቹ ላይ ማስቀመጥ አይርሱ፤ ካልተቀመጠ ቀጣዩ የመብራት መቋረጥ ያጠፋዋል።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሎጉ እንዳይወጣ ማድረግን እንደ መፍትሔ መውሰድ የመጀመሪያው ነው። መልእክቱ ይጠፋል፣ ትራፊኩ ግን መጥፋቱን ይቀጥላል። ማክ አድራሻውን በአንድ ፖርት ላይ በቋሚነት መመዝገብም ከዚህ አይሻልም፤ ሉፑ ብሮድካስቱን ማዞሩን ስለማያቆም የስዊቹ ፕሮሰሰር እንደተጨናነቀ ይቆያል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በመልእክቱ ላይ ስሙ የተጠራውን መሣሪያ መንቀል። በሉፕ ጊዜ የሚጠራው አድራሻ ብዙውን ጊዜ የተጎጂው ነው። ፕሪንተሩን ቢነቅሉት በቀጣዩ መስመር የሌላ መሣሪያ አድራሻ ይመጣል። መከተል ያለብዎት የሚደጋገመውን ፖርት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በጠረጴዛ ፖርት ላይ «ቢፒዲዩ ፊልተር» ማስገባት። ስሙ ከጋርድ ጋር ቢቀራረብም ሥራው ተቃራኒ ነው፤ የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ስለሚያስቀር ስዊቹ ሉፑን እንዳያይ ያደርገዋል። ፊልተሩን ያስገባው ሰው ብዙ ጊዜ ፖርቱ እየተዘጋበት የተቸገረ ነው፣ ፖርቱ ግን ይዘጋ የነበረው በትክክል ነበር።

ከሌላ ባለሙያ እርዳታ ሲጠይቁ

ከነዚህ ሁሉ በኋላ ምንጩ ካልተገኘ ለሚጠይቁት ሰው የሚከተሉትን አብረው ይላኩ፦ የስዊቹን ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት ከነ የሰዓት ክልሉ፣ ከመጀመሪያው የፍላፕ መልእክት በፊትና በኋላ ያሉትን የሎግ መስመሮች፣ የ«ሾው ስዊች»፣ የ«ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ዲቴል» እና የ«ሾው ኢተርቻናል ሰመሪ»ን ውጤት፣ እንዲሁም ከተጠቀሱት ፖርቶች ጀርባ ምን እንዳለ። «ስታኩ ፍላፕ እያደረገ ነው» ከሚል አንድ መስመር ተነስቶ ምንጩን መናገር የሚችል ሰው የለም፤ እነዚህ ከተሟሉ ግን ራኩ ዘንድ ሳይመጡ እንኳ ፖርቱን መለየት ይቻላል።